ሳያስተምሩ መጠየቅ ዙልም ነው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች! አላህ (ሱ.ወ.) አባታችንን አደምን በፈጠረ ጊዜ ምን እንዳስቀደመ ልብ ብለን እናውቃለን? ሱረቱል በቀራን ስናነብ በቅድሚያ የነገሮችን ስሞች ሁሉ እንዳስተማረው እናገኛለን። ስሞቹን እንዲናገር የታዘዘው ከተማረ በኋላ ነው። መላኢካዎቹም በተጠየቁ ጊዜ ያልተማሩትን እንደማያውቁ ተናገሩ፤ በዚህም አልተወቀሱም። አደምና ባለቤቱ በጀነት እንዲኖሩ ሲፈቀድላቸውም የሚበሉት ተነገራቸው፣ የማይቀርቡት ዛፍም ተለይቶ ታወቃቸው። መጠየቅ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በሱረቱል ኢስራእ 15ኛው አንቀጽ ላይም አላህ መልእክተኛ ሳይልክ ማንንም እንደማይቀጣ ያስታውቀናል።

እንግዲህ ፍጥረቱን ሁሉ እንዳሻው ማድረግ የሚችለው ጌታ ሳያሳውቅ የማይጠይቅ ከሆነ፣ አንድ የሱቅ ባለቤት ሳያስተምር፣ ሳያስረክብና ሳይነግር በሠራተኛው ላይ ጉድለት የሚጥለው በየትኛው ሥልጣኑ ነው? ለዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ይህ ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችን ተራ ነገር መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን የስንት ወጣት ደመወዝ፣ ይልቁንም የስንት ወጣት ክብር በዚህ በኩል እንደሚጠፋ በራሴ ላይ ስለደረሰ አውቀዋለሁ።

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ በሆነችው በጉኑኖ በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። የመደብሩንም የባለቤቱንም ስም አላነሳም። ዓላማዬ ሰው ማሳጣት አይደለም፤ ጊባም ሐራም ነው። የወላይታን አገር የሚያውቅ ሰው መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ መሆኑን ያውቃል። የአባት የእንሰት ጓሮ ለወንድማማቾች ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ወጣቱ ወይ አዲስ አበባ ወርዶ ጫማ ይጠርጋል፣ ሎተሪ ያዞራል፤ ወይ ደግሞ በአቅራቢያው ከተማ ሱቅ ይቀጠራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት የሱቅ ሥራ ትልቅ ሪዝቅ ነው። ዋስ ጠርቶ፣ ዘመድ አስለምኖ የሚገባበት ነው። እኔም የገባሁት አጎቴ ዋስ ሆኖኝ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ባለቤቱ ቁልፍ ሰጠኝ፤ "ዋጋውን እየሠራህ ትለምደዋለህ" አለኝና ዕቃ ሊጭን ወደ ሶዶ ሄደ። ይኸው ነው። ስንት ካርቶን ሳሙና፣ ስንት ኩንታል ስኳር፣ ስንት ጀሪካን ዘይት እንደተረከብኩ አልተቆጠረም። የዋጋ ዝርዝር አልነበረም። ዋጋ የምጠይቀው ሦስት ሰው ነበር፦ ባለቤቱን፣ ባለቤቱ ከሌለ ሚስቱን፣ እሷ ከሌለች ወንድሙን። ሦስቱም የሚነግሩኝ የተለያየ ነበር። የዘይት ዋጋ መጨመሩን ባለቤቱ በራሱ ደብተር ሲጽፍ ለእኔ ሳይነገረኝ ለአምስት ቀን በአሮጌው ዋጋ ሸጥኩ። ለቤት ፍጆታ የሚወጣው ዱቄትና ስኳር አይጻፍም። የሰፈሩ መምህራን በዱቤ ይወስዳሉ፤ ለማን እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከ2013 ወዲህ በየሱቁ በገባው በቴሌብር የሚከፍል ደንበኛም ገንዘቡን የሚልከው ወደ ባለቤቱ ስልክ ነው። "ገብቷል ወይ?" ብዬ ስደውል አንዳንዴ ይመለስልኛል፣ አንዳንዴ አይመለስልኝም።

ስጠይቅ ደግሞ "ምን ያህል ትጠይቃለህ? ሥራ የምታውቅ መስሎኝ ነው የቀጠርኩህ" እባላለሁ። ጁምዓ ሲደርስ ባለቤቱ ጥሩ ልብሱን ለብሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ ሲወጣ "ሱቁን ጠብቅ" ይለኛል። ይህም ስቀጠር አልተነገረኝም። በሱረቱል ጁምዓ መገበያየትን ትታችሁ ወደ አላህ ማውሳት ሂዱ የሚለው ትእዛዝ የሱቁን ባለቤት ብቻ የሚመለከት ነውን? ለአንድ ሰዓት በር መዝጋት የሚያጎድለው ሪዝቅ ቢኖር ኖሮ አላህ (ሱ.ወ.) ባላዘዘን ነበር።

በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ተደረገ፤ ጉድለት ተገኘ። የወሩ ደመወዜ ተያዘ። አልበቃ ብሎ አጎቴ ተጠርቶ "ልጅህ ያጎደለውን ክፈል" ተባለ። ጉኑኖ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው እኛ ቤት የደረሰው ከእኔ ቀድሞ ነው። ጉዳዩ መስጊድ አካባቢ ከሚከበሩ አንድ ሼኽ ዘንድ ቀረበ። ሼኹ ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ ባለቤቱን ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁት። "ሲገባ ስንት ቆጥረህ አስረከብከው? ዋጋውን በምን አሳወቅከው? ከሱቁ ዕቃ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው ወይ?" ሰውየው ለአንዱም መልስ አልነበረውም። "ምን እንዳስረከብክ ካላወቅክ ምን እንደጎደለ በምን ታውቃለህ?" አሉት። ደመወዜ ተከፈለኝ፤ አጎቴም ከዋስትናው ነፃ ወጣ። ነገር ግን "ሌባ ነው" ብለው የሰሙትን ሰዎች ዞሮ "አይደለም" ያላቸው ማንም የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመሰናበቻው ሐጅ ላይ የሙስሊም ደምና ገንዘብ የተከበረ መሆኑን ሲያውጁ ክብሩንም አብረው ማወጃቸውን የዘነጋ ሰው ስንት ነው!

ውድ አንባቢያን! ይህን የማወራው የአንድ ሱቅ ታሪክ ሆኖ እንዲቀር አይደለም። በአዲስ አበባም በሌላውም ከተማ ያላችሁ ነጋዴዎች እጃችሁን በልባችሁ ላይ አድርጋችሁ ሱቃችሁን ተመልከቱ። አብዛኛው ባለሱቅ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም በልጅነቱ በጥፊና በስድብ ነው ሥራ የለመደው፤ ስለዚህ ማስተማር ማለት እንዲያ ይመስለዋል። እኛ ግን ምሳሌያችን ማን ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት "ሂድና ትለምደዋለህ" አላሉትም። የሚያገኛቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ በቅድሚያ ወደ ምን እንደሚጠራቸው፣ ከተቀበሉት ቀጥሎ ምን እንደሚላቸው በቅደም ተከተል ነገሩት። ከገንዘባቸው ምርጥ ምርጡን እንዳይወስድና ከተበዳይ ዱዓእ እንዲጠነቀቅም አስጠነቀቁት። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም ደግሞ ሳያውቅ በሰላት ውስጥ በተናገረ ጊዜ ሰዎች በዓይናቸው ገላመጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን አልቆጡትም፣ አልሰደቡትም፤ አስተማሩት። እሱም ከእሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ የተሻለ አስተማሪ እንዳላየ ይመሰክር ነበር። አነስም አሥር ዓመት ሲያገለግላቸው "ኡፍ" እንኳ ብለውት እንደማያውቁ ተናግሯል። እኛ በአሥር ቀን ውስጥ ለሠራተኛችን ስንት ጊዜ "ኡፍ" እንላለን?

ስለ ሥራ ውልም ዲናችን ዝም አላለም። ሙሳ (ዐ.ሰ.) በመድየን በተቀጠረ ጊዜ ሽማግሌው ውሉን ግልጽ አድርጎ ነው የነገረው። ዘመኑ ስምንት ዓመት መሆኑን፣ አሥር ቢሞላ ግን ከሙሳ በጎ ፈቃድ እንደሚቆጠር፣ ሊያስቸግረውም እንደማይሻ ነገረው። ሙሳም የትኛውንም ቢፈጽም በደል እንዳይደርስበት ቃል አስገብቶ አላህን ምስክር አደረገ። ይህ በሱረቱል ቀሰስ ተመዝግቦ እስከ ቂያማ ይነበባል። ዑለማዎችም የቅጥር ውል እንዲጸና ሥራውና ክፍያው የታወቁ መሆን እንዳለባቸው ደንግገዋል። በአንድ አሠሪ ዘንድ የተቀጠረ ሠራተኛ እጁ የአማና እጅ ነው፤ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸልተኛ ካልሆነ በእጁ የጠፋውን አይከፍልም ብለዋል። ታዲያ "ጎድሏልና ክፈል" ከማለታችን በፊት ቸልተኛው ማን እንደነበር መጣራት የለበትምን?

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና ደመወዙን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ከደመወዝ መቁረጥም የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። የወር ደመወዝ ጠቅልሎ መያዝ ሕግንም ሸሪዓንም መጣስ ነው። ቀጥሮ አሠርቶ ክፍያውን የከለከለ ሰው በቂያማ ዕለት ባላጋራው አላህ ራሱ እንደሚሆን በቡኻሪ ዘገባ ተነግሮናል። ከአላህ ጋር የሚሟገት ማን ነው?

ስለዚህ ወንድሜ ነጋዴ ሆይ! ሠራተኛ ስትቀጥር የሚያስፈልግህ አንድ ደብተርና ጥቂት ቀናት ትዕግሥት ነው። ዕቃህን አብራችሁ ቁጠሩና ሁለታችሁም ፈርሙ። ዋጋውን ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፤ ሲለወጥ በዚያው ቀን ለውጠው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። ለቤትህ የምታወጣውን ኪሎ ስኳር እንኳ ጻፍ። ዱቤ የሚፈቀድላቸውን ለይተህ ንገረው። የቴሌብሩ መልእክት ሲደርስህ ወዲያው አሳውቀው። ሚዛን ሲይዝ የዕቃ መያዣውን ክብደት እንዴት እንደሚቀንስ አሳየው፤ ያላስተማርከው ሠራተኛ ሚዛን ቢያጎድል በሱረቱል ሙጠፊፊን የተነገረው ወዮታ ለአንተም እንዳይተርፍ ፍራ። ሲጠይቅህም ደስ ይበልህ፤ የሚጠይቅ ሠራተኛ ገንዘብህን የሚጠብቅልህ ሠራተኛ ነው። ከአቅሙ በላይ ካዘዝከው ደግሞ አብረኸው ሥራ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙን ይህንኑ ነው።

አንተም ወንድሜ ሠራተኛ፣ አንቺም እህቴ! አላህ አማናን የጣለው በአሠሪው ላይ ብቻ አይደለም። ሳትቆጥር አትረከብ፤ "ተቆጣ" ብለህ አፍረህ አትተው፤ በጨዋነት፣ በለስላሳ ቃል ጠይቅ። የራስህን ደብተር ያዝና የሸጥከውን በየማታው ጻፍ። ሙስሊም ካልሆነ ሰው ዘንድ ስትቀጠርም የሰላትህንና የጁምዓህን ነገር በመጀመሪያው ቀን ግልጽ አድርገህ ንገረው፤ ቀድሞ የተነገረ ነገር አያጣላም። ከሁሉም በላይ "በድሎኛል" ብለህ እጅህን ወደ መሳቢያው አትስደድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላመነን ሰው አማናውን እንድንመልስ፣ የከዳንንም መልሰን እንዳንከዳ አስተምረውናል። መብትህን በአደባባይ፣ በሽማግሌና በሕግ ጠይቅ እንጂ በስውር አትውሰድ። በስውር የወሰድክ ዕለት ያ በሐሰት የተባልከው ነገር እውነት ይሆንብሃል።

ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ግምጃ ቤት ላይ መሾምን በጠየቀ ጊዜ ራሱን የገለጸው በሁለት ነገር ነው፦ ጠባቂነትና ዐዋቂነት። ታማኝነትን ሠራተኛው ከእናት ከአባቱ ቤት ይዞ ይመጣል። የሱቁን ዕውቀት ግን ከሱቁ ባለቤት በቀር ከየት ያመጣዋል? አንዱን ከእሱ ጠይቀን ሌላውን ከነፈግነው ግማሽ ሰው ቀጥረን ሙሉ ሰው እንደጎደለን እናማርራለን። በሱቃችን በረካ ጠፋ ስንልም ያልተጻፈው ስኳር፣ የተያዘው ደመወዝና "ሌባ" ተብሎ የተባረረው ልጅ ዱዓእ ትዝ ይበለን። በተበዳይ ዱዓእና በአላህ መካከል መጋረጃ የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ገንዘባችንን ከሐራም፣ ምላሳችንን ከሐሰት፣ እጃችንን ከዙልም ይጠብቅልን። አሠሪውን የሚያስተምር፣ ሠራተኛውን የሚማርና የሚታመን ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።