ስንቅ የሚቋጠረው መቼ ነው?

ሃንጋሪ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሊሸኙ ነው ተባለ። ትምህርት ቤቱ በአበባ ተሸለመ፤ አያቶች ከገጠር ሳይቀር መጡ። እኔ ግን የፈተናውን ቀን አውቀዋለሁ። የመልቀቂያው የጽሑፍ ፈተና የሚጀመረው በፈረንጆቹ ሜይ ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ገና ቀናት ይቀሩታል። “እንዴ! ልጁ ሳይወለድ ገንፎ ይገነፋል እንዴ?” አልኩ በልቤ።

ሥርዓቱን “ባላጋሽ” ይሉታል፤ ቃሉ ቀስ ብሎ መራመድን የሚያመለክት ነው። ተማሪዎቹ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ልጅ ትከሻ ላይ እጁን አሳርፎ፣ እየዘመሩ የተማሩባቸውን ክፍሎች ይዞራሉ። ትከሻቸው ላይ “ታሪስኛ” የምትባል ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አለች። ውስጧ ፖጋቻ የሚሉት ጨው ያለው ትንሽ ዳቦ፣ ቁንጣሪ ጨው፣ ጥቂት አፈርና ሳንቲም ይከተታል። ልማዱ የመጣው ሼልሜትስባኛ ከሚባል ከተማ ከነበረው የማዕድንና የደን አካዳሚ ነው። ከተማዋ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ናት፤ አካዳሚውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሾፕሮን ተዛውሯል። ልማዱ ግን አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

በሰልፉ መሀል አንድ ልጅ አየሁ። ሒሳብ የሚባል ነገር የማይሆንለት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁላችንም “ይሄማ አያልፍም” ብለን የጨረስነው ልጅ። አያቱ አበባ አሸክማው እያለቀሰች ትስመዋለች። አጠገቤ ወደቆሙት የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ጠጋ አልኩና፣ “ይሄ ልጅ ቢወድቅስ?” አልኳቸው። ሴትዮዋ ጥያቄዬ ገረማቸው። “ቢወድቅ ይወድቃላ! ዛሬ የምንሸኘው ልጁን ነው” አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። የማትሪክ ውጤት የተለጠፈ ቀን እናታችን ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ነበር። ወንድሜ ውጤቱን ሊያይ በጠዋት ወጣ፤ ለምሳ አልመጣም። ሰው ከተኛ በኋላ በጓሮ በኩል ገባ። ጠላው ጋኑ ውስጥ ቀረ። ለካ የተጠመቀው ለወንድሜ ሳይሆን ለወረቀቱ ኖሯል! አሥራ ሁለት ዓመት የተመላለሰበትን መንገድ አንድም ሰው አላነሳለትም። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሃንጋሪዎች ፈተናውን “ኤሬትሼጊ” ይሉታል፤ መብሰል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ትምህርቱን የጨረሰውን “ተመረቀ” እንላለን። እስቲ ቃሉን ልብ በሉት፤ ምርቃት እኮ ነው! ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ “መጀመሪያ ውጤትህን አሳየኝ” ይላል? እናት ለመንገደኛ ልጇ ስንቅ የምትቋጥረው ከመሄዱ በፊት ነው። ደርሶ ለተመለሰማ ስንቅ ምን ያደርግለታል?

“ታዲያ ሰነፉና ጎበዙ እኩል ሊጨበጨብላቸው ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጎበዙ ድካም ሊታይለት ይገባል። ጭብጨባና ምርቃት ግን ይለያያሉ። የሚጨበጨበው ለተሠራ ሥራ ነው፤ የሚመረቀው ለሚሄዱበት መንገድ ነው። ደግሞም ፈተናው በአበባ ብዛት አልላላም። ያ ልጅ እንደፈራነው ሒሳብ ወደቀ።

በእኛ አገር የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። እኔ ግን የማስበው በየቤቱ በጓሮ በር ስለገቡት ልጆች ነው። እነሱን ማን መረቃቸው?

ያ ሃንጋሪያዊ ልጅ በመከር ወራት ለድጋሚ ፈተና መጣ። ኮሪደር ላይ ተገናኘን። አንገቱን አልደፋም፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ የገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ መፈተኛው ክፍል ገባ። ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር።

ዛሬ ወንድሜ የልጆች አባት ነው። ደውዬ፣ “ያኔ ‘እንኳን ለዚህ አበቃህ’ ሳልልህ ቀረሁ” ብለው ምን ይለኝ ይሆን? ይስቅብኝ ይሆናል። ቢሆንም እደውላለሁ።