ሚዛኑ ያለውና መጽሐፉ ያለው

ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ ቢናገር ሐሰተኛ እንደሚባል ማንም ያውቃል። ነገር ግን አየሁ ያለው ነገር በራሱ እውነት ሆኖ ቢገኝ ተናጋሪው ሐሰተኛ ነውን ወይስ እውነተኛ? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ኬሚስትሪ በሚማሩበት ክፍል ውስጥ፣ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ዘወትር ይገናኙታል፤ የሚበዙትም ጥያቄ መሆኑን እንኳ ሳያስተውሉ መልሰውት ያልፋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ 0.24 ግራም የሚመዝን የማግኒዚየም ጥብጣብ ይሰጣቸዋል። ማግኒዚየም እንደ ብር የሚያበራ ቀላል ማዕድን ነው፤ እሳት ሲይዘው ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ በነጭ ብርሃን ይነድዳል፤ ነድዶም ሲያበቃ ነጭ ዐመድ ይሆናል። ተማሪዎቹ ጥብጣቡን ጠቅልለው ክዳን ባላት በትንሽ የሸክላ ጽዋ ውስጥ ያኖሩታል፤ ከሥርዋም እሳት ያነድዱባታል፤ አየር እንዲገባላት ክዳንዋን ከፈት፣ ጢሱ እንዳያመልጥ ደግሞ ቶሎ ከደን ያደርጋሉ። ስትበርድም ይመዝኗታል። መጽሐፉ እንደሚያስተምረው 24 እጅ ማግኒዚየም ከ16 እጅ ኦክስጅን ጋራ ተዋሕዶ 40 እጅ ዐመድ ይወጣዋልና፣ የጽዋይቱ ክብደት ተቀንሶ የሚቀረው 0.40 ግራም ሊሆን ይገባዋል። ሚዛኑ ግን 0.37 ይላል።

በዚህ ጊዜ ተማሪው እርሳሱን ይዞ ጥቂት ያስባል። ወደ ጎረቤቱ ደብተር አሻግሮ ያያል፤ መጽሐፉንም ገልጦ ይመለከታል። ደወል ሊደወል 10 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሌሎች ልጆችም ሚዛኑን ለመቀበል ከኋላው ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚህ በኋላ 0.40 ብሎ ይጽፋል። እጅግ ብልህ የሆነው ደግሞ፣ ቍጥሩ ፍጹም ቢሆን እንደሚታወቅበት ስለሚገባው፣ 0.39 ብሎ ይጽፋል።

ይህን ልጅ የሚከሰው ሰው ቢገኝ፣ ልጁ መልስ አያጣም። «ማግኒዚየም ሲነድድ በእውነት 0.40 ይወጣዋል፤ ይህንንም ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት መዝነው አረጋግጠዋል። ሚዛኑ አሮጌ ነው፤ እጄም ገና አልለመደም። የእኔን ስሕተት ከመጻፍ የተፈጥሮን እውነት መጻፍ አይሻልምን?» ይላል። ይህ ክርክር የልጅ ክርክር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ልጁ ራሱን አሳንሶ ሊቃውንቱን አክብሯልና።

ነገር ግን ደብተሩ የጠየቀው ስለ ማግኒዚየም ጠባይ አይደለም። እርሱማ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው፤ ለማወቅም የልጁ ጽዋ አያስፈልግም ነበር። ደብተሩ የጠየቀው፦ በዚች ቀን፣ በዚች ጽዋ፣ በዚህ ሚዛን ላይ ምን ታየ? ብሎ ነው። በችሎት የቆመ ምስክር፣ ተከሳሹ ሌባ መሆኑን ከታመኑ ሰዎች ሰምቶ ሳለ፣ ሲሰርቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ቢምል፣ ሰውየው በእውነት ሌባ ሆኖ ቢገኝም ምስክሩ በሐሰት ምሏል። የተናገረው ነገር እውነት መሆኑ ያላየውን አይቶታል አያሰኘውም። 0.40 የሚለው ቍጥር ስለ ማግኒዚየም እውነት ሲሆን ስለ ልጁ ሐሰት ነው።

ልጁ ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣው መመርመር ይገባል፤ ከክፋት አላመጣውምና። በንባብ ቤት ከየኔታ አፍ የተቀበለውን ቃል አንዲት ፊደል ሳያጐድል፣ አንዲትም ሳይጨምር የሚመልስ ልጅ ይመሰገናል፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ቃሉ ከአባት ወደ ልጅ ሳይበላሽ የሚተላለፈው በዚህ ነውና። በዘመናዊው ተማሪ ቤትም መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በፈተና ቀን ያልመለሰ ይወድቃል። እንግዲህ የተሰጠውን መመለስ ታማኝነት ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ በኬሚስትሪ ክፍልም መጽሐፉ የሰጠውን 0.40 መልሶ ቢሰጥ ታማኝ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያው ከቀድሞው ትምህርት ቤት ሌላ ምሳሌ ሊያገኝ ይችል ነበር። ታማኝ የሆነ ቍም ጸሐፊ አንዱን ብራና አይቶ በሌላው ላይ ሲገለብጥ፣ ስሕተት የሚመስለውን ቃል ቢያገኝ በኅዳጉ ያመለክታል እንጂ፣ እንዲህ ሊል ፈልጎ ነው እያለ በገዛ አሳቡ አይለውጠውም። ከዓይኑ ፊት ያለውን ይጽፋል። ጽዋይቱ ለተማሪው የምትገለበጥ ብራና ናት።

ሌላው ሰው ደግሞ፦ ነገሩ የ0.03 ግራም ነገር ነው፤ ከጥቂት የጨው ቅንጣት የማይበልጥ ክብደት ማንን ይጐዳል? ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1785 ዓ.ም. ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ፣ በአየር ውስጥ የሚገኘውን ናይትሮጅን ኦክስጅን እየጨመረ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያዋሕደው ነበር፤ የተዋሐደውንም በአልካሊ ውሃ ያስመጥጠው ነበር። ብዙ ከደከመ በኋላ ሁሉ አለቀ፤ አንዲት ትንሽ አረፋ ግን አላልቅ አለች። መጠንዋም ከጠቅላላው ከ120 እጅ አንድ እጅ አትበልጥም ነበር። ካቨንዲሽ ምን እንደ ሆነች አላወቀም። ዕቃው ንጹሕ አልነበረም፣ ወይም እጄ ተሳስቷል ብሎ ሊተዋት ይችል ነበር፤ ነገር ግን እንዳያት ጻፋት፤ አረፋይቱም ትርጓሜ ሳታገኝ ከመቶ ዓመት በላይ በጽሑፉ ውስጥ ተቀመጠች።

በኋላም ሎርድ ሬይሊ የተባለው ሊቅ የናይትሮጅንን ክብደት ሲመዝን፣ ከአየር ያወጣው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ካወጣው ናይትሮጅን ከሺሕ አንድ እጅ ያህል ከብዶ አገኘው። በዚህ ጊዜ ሬይሊ ያደረገው ነገር ለተማሪው መነገር አለበት። ልዩነቱ እንዳይታይ አልሸፈነውም፤ እንዲያውም ጐልቶ እንዲታይ የሥራውን መንገድ ለወጠና ልዩነቱን ከሁለት መቶ አንድ እጅ ወደሚያህል አሳደገው። አንዱን ዕቃ ከአየር የወጣው ናይትሮጅን ሲሞላው 2.310 ግራም ያህል፣ በኬሚስትሪ መንገድ ከሌላ ነገር የወጣው ሲሞላው 2.299 ግራም ያህል መዘነ። በ1892 ዓ.ም. ኔቸር በሚባለው መጽሔት፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ኬሚስት ቢኖር እንዲረዳው በግልጽ ጠየቀ፤ በማዕርግ ትልቅ የሆነው ሰው አላውቅም ማለትን አላፈረበትም። ከዚህ በኋላ ዊልያም ራምሴ የሚባለው ሊቅ ከአየር የወጣውን ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዚየም ላይ ደጋግሞ አሳለፈው። ማግኒዚየሙ ናይትሮጅኑን በላው፤ የማይበላ አንድ ነገር ግን ቀረ። በ1894 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት አዲስ ጋዝ መገኘቱን አስታወቁ፤ ከምንም ጋራ ስለማይዋሐድም በግሪክ ቋንቋ ሥራ ፈት ለማለት አርጎን አሉት። ከአየሩ 1 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰው ሁሉ ከተፈጠረ ጀምሮ ሲተነፍሰው ኖሯል። በ1904 ዓ.ም. ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የካቨንዲሽ አረፋም ምን እንደ ነበረች ያን ጊዜ ታወቀ።

በሥነ ሕይወት ክፍል ፈተናው ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ በቍጥር ፈንታ ሥዕል ይመጣልና። ተማሪው የሽንኩርት ስስ ልባስ ልጦ በመስታወት ላይ ዘርግቶ አዮዲን ጠብ ያደርግበታል፤ በማይክሮስኮፕም ያየዋል። የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ ልባስና ዙሪያው የጠቈረ ክብ የአየር አረፋ ነው። ሥዕሉ ሲታይ ግን እንደ ግንብ ድንጋይ የተደረደሩ ሕዋሶች፣ በየመካከላቸውም አንዳንድ ነጥብ ተደርጎባቸው ይገኛሉ፤ ልክ በመጽሐፉ እንዳለው። ሃምሳው ተማሪ ሃምሳ ልባስ አይቶ አንድ ሥዕል ሥሎ ይወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የግሬጎር ሜንዴል ነገር ነው። ሜንዴል በብርኖ ከተማ በአውግስጢኖሳውያን ገዳም የነበረ መነኵሴ ሲሆን፣ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድበትን ሕግ አገኘ፤ በ1866 ዓ.ም.ም አሳተመው። በአንዱ ሙከራ 7324 ፍሬ ቈጥሮ 5474 ክብ፣ 1850 ጭምትርትር ሆኖ አግኝቷል፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ለመሆን እጅግ የቀረበ ነው። ሕጉ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ሰዎች እጅ ተፈትኖ እውነት መሆኑ ተረጋግጧል። ነገር ግን በ1936 ዓ.ም. ሮናልድ ፊሸር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ የሜንዴልን ቍጥሮች ሁሉ አንድነት መርምሮ፣ ዕድል ከሚፈቅደው ይልቅ ለሕጉ የቀረቡ ናቸው አለ፤ ምናልባትም የሚጠበቀውን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ረዳት ሳያሳስተው አልቀረም ሲል ገመተ። ብዙ ሊቃውንት ለሜንዴል ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ረጅም ነው። መነኵሴውን በዚህ መወንጀል አይገባም። ዳሩ ግን ፊሸር የገመተው ያ ረዳት በእውነት ኖሮ እንደ ሆነ፣ ጌታውን ደስ ሊያሰኝ ብሎ ያደረገው ነገር፣ እውነተኛውን ሕግ ያገኘውን ሰው ስም በጥርጣሬ ላይ ጥሎታል። 0.40 ብሎ የጻፈው ልጅ ከዚህ ረዳት በምን ይለያል?

ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጉደል ነው። መምህሩ ደብተሩን ሲያርም ለ0.40 ዐሥር ነጥብ፣ ለ0.37 ስድስት ነጥብ ቢሰጥ፣ እውነት መናገር አራት ነጥብ እንደሚያስከፍል በቀይ ቀለም ጽፎ አስተምሯል። ከዚህም የሚብስ አለ። በብዙ ተማሪ ቤቶች ጥብጣቡም ሚዛኑም ማይክሮስኮፑም የለም፤ ስለዚህ መምህሩ ሙከራውን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም «የተመለከትነው» የሚል አርእስት አስምረው ማንም ያልተመለከተውን ይገለብጣሉ። ለዕቃው መታጣት መምህሩ ተጠያቂ አይደለም። አርእስቱን ግን «መጽሐፉ እንደሚለው» ብሎ ማጻፍ ገንዘብ አያስወጣውም።

ዕቃው ባለበት ደግሞ 0.37 ብሎ የጻፈው ልጅ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ከጐደለው ክብደት ጥቂቱ ክዳኑ ሲከፈት ከጢሱ ጋራ አምልጧል። ሌላው ምክንያት ግን ማግኒዚየሙ ከኦክስጅን ጋራ ብቻ ሳይሆን፣ በራምሴ እጅ እንዳደረገው ሁሉ፣ ከአየሩ ናይትሮጅንም ጋራ መዋሐዱ ነው፤ ከናይትሮጅን ጋራ የተዋሐደው ደግሞ ክብደቱ ያነሰ ነው። መምህሩ በበረደው ዐመድ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ቢያደርግበት የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ ልጁም አፍንጫውን ራቅ አድርጎ ሊያሸተው ይችላል። ከዚህ በኋላ ጽዋይቱ እንደ ገና በእሳት ላይ ትጣዳለች፤ ውሃው ሲያልቅ፣ ዐመዱም በደንብ ሲግል ትወርዳለች፤ በርዳም ስትመዘን ከፊተኛው ይልቅ ወደ 0.40 ትቀርባለች። አዲሱም ቍጥር ከ0.37 በታች ይጻፋል፤ ፊተኛው አይሰረዝም።