በጽዋው ያለውና በጆሮ የገባው

በቤልጂግ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከፈረንሳይ ድንበር እምብዛም በማይርቀው የፍላንደርስ ገጠር፣ ዌስትፍሌተረን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያ በሚገኘው የቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም የሚኖሩት የትራፒስት መነኮሳት እ.ኤ.አ. ከ1838 ገደማ ጀምሮ ቢራ ይጠምቃሉ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሚጠምቋቸው ሦስት ዓይነቶች አንዱ፣ ቆርኪው ቢጫ የሆነውና «አሥራ ሁለት» ተብሎ የሚጠራው ጥቁር ቢራ፣ በዓለም ላይ ከሚጠመቁት ሁሉ የላቀ ነው ተብሎ በብዙ ቀማሾች ተመስክሮለታል። ጠርሙሱ ግን ለዚህ ሁሉ ውዳሴ የሚመጥን ልብስ አልለበሰም። ከ1945 አንሥቶ ለብዙ አሥርታት አንዳች ወረቀት ሳይለጠፍበት፣ ሕግ እንዲገለጽ የሚያስገድደው ሁሉ በቆርኪው ላይ ተጨናንቆ እንደ ሰፈረበት ኖሯል።

ይህን ጠርሙስ ከፍቶ የሚቀምስ ሰው የሚያጣጥመው ምኑን ነው? ብቅሉንና እርሾውን ነው ወይስ ከመቅመሱ በፊት የሰማውን? ጉዳዩ የመጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአሳላፊና ለቤት አዛዥ በተተወ ነበር። ነገር ግን የሰው ልጅ ስለ አንድ ነገር መልካምነት በሚመሰክርበት ጊዜ ምስክርነቱን ከየት እንደሚያመጣ የሚመረምር ጥያቄ በመሆኑ፣ መምህሩንም ሠዓሊውንም ሐያሲውንም ይመለከታል።

በቅድሚያ በጽዋው ያለው ይታይ። ቢራው አፈ ሰፊ በሆነ ባለ እግር ብርጭቆ፣ ከጓዳ ቅዝቃዜ እምብዛም ባልበለጠ ቅዝቃዜ ይቀዳል፤ እንደ ተራ ቢራ በበረዶ ከቀዘቀዘ መዓዛው ይታፈናል። መልኩ ድፍን ጥቁር አይደለም። ብርጭቆው ወደ ብርሃን ከፍ ሲል ዳርዳሩ ወደ ቀይ ይፈካል። አረፋው ወፍራምና ወተት የበዛበት ቡና መልክ ያለው ሲሆን፣ እየሟሸሸ ሲሄድ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ዱካውን ይተዋል። መጀመሪያ የሚመጣው መዓዛ የዘቢብና የደረቀ በለስ ነው፤ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ ከዚያም እስኪጠቁር የነደደ ስኳር። ምላስ ላይ ሲያርፍ ጣፋጭ ብቻ መስሎ ይጀምርና፣ ለጠላ ጌሾ እንደሚሆነው ሁሉ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል ሳይዘገይ ጣፋጩን ያርቀዋል። አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው፤ ከተራው ቢራ እጥፍ ማለት ይሆናል። ሆኖም ጉሮሮ አይፍቅም፤ ዘግየት ብሎ በደረት ውስጥ በሚሰማ ሙቀት ይታወቃል።

ጥቁረቱን የሚያይ ሰው ብቅሉ እንደ ቡና የተቆላ ሊመስለው ይችላል። ብቅሉ ግን ፈዛዛ ነው፤ ጥቁረቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከነደደው ስኳር ነው። እንግዲህ ዓይን ከምላስ ቀድሞ እንደሚፈርድ፣ ፈርዶም እንደሚሳሳት የመጀመሪያው ማስረጃ እዚሁ ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል። ከዚህም ሌላ እርሾው ጠርሙሱ ከታሸገ በኋላ ሥራውን አያቆምም። ዘንድሮ የታሸገው ስለታም ነው፤ ዓመታት የቆየው ምሬቱ ለዝቦ ወደ ወይን ጠጅ ጠባይ ያዘነብላል። ስለዚህ «አሥራ ሁለትን ቀምሻለሁ» የሚል ሰው የትኛውን ዕድሜ እንደ ቀመሰ ካልተናገረ ነገሩን በከፊል ብቻ ነው የተናገረው።

ይህ መልካም፣ እጅግም መልካም ቢራ ነው። ይህን ለማለት ዝና አያስፈልግም። የሚያጠያይቀው «በዓለም አንደኛ» የሚለው ተጨማሪ ቃል ነው።

ከብዙ አገር የተውጣጡ ቀማሾች ነጥብ ይሰጡበት የነበረው ሬትቢር የተባለው መዝገብ በ2005 ይህን ቢራ ከዓለም አንደኛ አደረገው። ወሬው በጋዜጦች ሲናኝ በገዳሙ በር የመኪና ሰልፍ ተሠራ፤ ክምችቱም አለቀ። በዚህን ጊዜ ነጋዴ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ወይ ምርቱን ያበዛል፣ ወይ ዋጋውን ይሰቅላል። መነኮሳቱ ሁለቱንም አላደረጉም። ይልቁንም ገዢው አስቀድሞ በስልክ እንዲያዝ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር እንዲያስመዘግብና በተቀጠረለት ሰዓት መጥቶ ጥቂት ሣጥን ብቻ እንዲወስድ ደነገጉ። ከ2019 ጀምሮ ትእዛዙ በኢንተርኔት ሆኗል።

ለዚህ እምቢታ ምክንያቱ ከዝናው ወደ ስድሳ ዓመት ይቀድማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ የገዳሙ አበምኔት ንግዱ የምንኵስናውን ሕይወት እንዳይውጠው ሠጉ። ስለዚህ በአጥሩ ውስጥ የሚጠመቀው ለገዳሙ ኑሮ በሚበቃ መጠን እንዲወሰን፣ ለሰፊው ገበያ የሚሆነውን ደግሞ በአቅራቢያው ዋቱ በምትባል መንደር የሚገኝ ጠማቂ በገዳሙ ስም እንዲያዘጋጅ በ1946 ፈቃድ ሰጡ። ለብዙ ዓመታት ከገዳሙ የወጣው ቢራ በዓመት 60,000 ሣጥን፣ ማለትም 475,000 ሊትር ያህል ነበር። መጠኑን የወሰነው ለጸሎት፣ ለንባብና ለዕረፍት የተመደበው ሰዓት ነው።

የምዕራብ መነኮሳት የሚመሩበት፣ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት የደነገጉት ሥርዓት በ48ኛው ምዕራፉ መነኵሴ በእጁ ሥራ እንዲኖር ያዛል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን 57ኛው ነው። በዚያ ሁለት ነገሮች ተደንግገዋል። አንደኛው፣ ከገዳሙ የእጅ ሥራ የሚሸጥ ቢኖር ስስት እንዳይገባበት ሌላው ሰው ከሚሸጥበት ዋጋ ጥቂት ዝቅ ይበል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሙያው የሚኩራራና ለገዳሙ ጥቅም ያስገኘሁት እኔ ነኝ የሚል ባለሙያ ቢገኝ ከሙያው እንዲነሣ፣ ትሕትናው እስኪታይም እንዳይመለስ ያዛል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ለኪነ ጥበብ ሰው መራራ ክኒን ነው፤ ከመድረክ ላይ በዚህ ሕግ ተፈትሾ የማይወርድ ስንቱ ይሆን!

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብርቅነት በራሱ በጎነት አይደለም። እህል በጎተራ ደብቆ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነጋዴም ብርቅነትን ይፈጥራል። ልዩነቱ ከምክንያቱ ላይ ነው፤ አንዱ ዕቃውን የሚያሳንሰው ትርፉን ለማብዛት ሲሆን፣ ሌላው ሕይወቱ የሚፈልገውን ያህል ሠርቶ እጁን ስለሚሰበስብ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ባዶ መደርደሪያ ናቸው።

መነኮሳቱ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርጉም እንኳ ዝናው ራሱ ሌላ ዋጋ ሆኖ ወደ ጽዋው ይገባል። በ2008 በታተመ ጥናት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ለ20 ሰዎች አንዱኑ ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ ባለ 10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ ባለ 90 ዶላር ነው እያሉ አቀመሷቸው። ቀማሾቹ ባለ 90ው ይጥማል አሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይሉኝታ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በመሣሪያ ሲታይ ደስታ የሚሰማበት የአንጎላቸው ክፍልም ለ«ውዱ» በበለጠ ሲሠራ ተገኘ። ስለዚህ ሰዎቹ አልዋሹም። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ እውነተኛ ያልነበረው ደስታውን የቀሰቀሰው ነገር ነው። ከተራ ውሸት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የዋሸ ሰው እውነቱን ቢያንስ በልቡ ያውቃታል።

እስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም ሚዛን ባሳተመው ድርሰቱ ከዶን ኪኾቴ አንድ ታሪክ ያመጣል። ሁለት የሳንቾ ዘመዶች ከአንድ በርሜል ወይን ቀመሱ። አንዱ መልካም ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል አለ፤ ሌላው መልካም ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል አለ። ሰው ሁሉ ሣቀባቸው። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ግን ከግርጌው የቆዳ ማንገቻ የታሰረበት አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ለሂዩም ጣዕም እንዲሁ የግል ስሜት ብቻ አለመሆኑን፣ በነገሩ ውስጥ ያለውን ለይቶ የሚያገኝ ምላስ መኖሩን ያስረዳል። የካሊፎርኒያው ሙከራ ለዚህ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ቀማሾቹ ያገኙት ቁልፍ በበርሜሉ ውስጥ አልነበረም፤ በጆሯቸው በኩል የገባ ነው።

ለ«አሥራ ሁለት» ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ መንትያ አለው። የዋቱው ጠማቂ ከ1946 እስከ 1992፣ ለ46 ዓመታት፣ በገዳሙ አሠራርና ከገዳሙ በመጣ እርሾ ሲጠምቅ ኖረ። ውሉ ሲያበቃ ገዳሙ ሥራውን ሁሉ በአጥሩ ውስጥ አደረገ። ጠማቂው ግን ሴንት በርናርዱስ በሚል ስም የራሱን ጥቁር «አሥራ ሁለት» ቀጠለ፤ ይህኛው ያለ ቀጠሮና ያለ ሰልፍ በየመደብሩ ይገኛል። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የቀድሞው እርሾ ከጠማቂው ዘንድ ሲቀር ገዳሙ ዛሬ እርሾውን የሚያስመጣው ዌስትማል ከተባለው ሌላ የትራፒስት ገዳም መሆኑ ነው። ታዲያ ዋናው የትኛው ነው? ግንቡን የያዘው ወይስ እርሾውን የያዘው?

ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ቆርኪ ሳያይ የሚቀምስ ሰው ልዩነት ያገኝ ይሆናል፤ አንዱ የደረቀ፣ አንዱ የለሰለሰ ሊመስለው ይችላል። የሰማይና የምድር ያህል ርቀት ግን አያገኝም። ገበያው ያስቀመጠው ርቀት ግን ይህን የሚያህል ነው። ያ ርቀት ከብቅል አልመጣም፤ የመጣው ከግንቡ፣ ከዝምታው፣ ከእምቢታው ነው። እነዚህ የተከበሩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ስለ እነርሱ ብሎ አንዱን ጠርሙስ ከሌላው ቢያስበልጥ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ምክንያትን ጣዕም ብሎ ሲጠራ ነው። በስደት ወይም በእሥር ቤት የተጻፈ ግጥም ሲነበብ ለጸሐፊው ክብር መስጠት ተገቢ ነው፤ የቤት መምቻው ሰንካላ ሆኖ ሳለ «ዜማው ያማረ» ብሎ የሚጽፍ ሐያሲ ግን መከራውንም ግጥሙንም በአንድነት ይበድላል። መከራው ማስዋቢያ ይሆናል፤ ግጥሙም የሚታረምበትን ዕድል ያጣል።

ከገዳሙ የሚገዛ ሰው ቢራውን ለትርፍ መልሶ ላይሸጥ ይስማማል፤ ይኸው በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል። ሆኖም በ2018 አንድ የሆላንድ የገበያ መደብር፣ ከገዳሙ በር ከ2 ዩሮ ባነሰ የሚሸጠውን ጠርሙስ ወደ 10 ዩሮ በሚጠጋ ዋጋ በመደርደሪያው ላይ አቀረበ፤ ገዳሙም በይፋ ተቃወመ። እዚህ ላይ ቀላል የማይባል መከራከሪያ ይነሣል። ርካሹ ዋጋ የሚጠቅመው መኪና ያለውንና በአቅራቢያው የሚኖረውን ነው፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ከአትራፊ ካልገዛ መቼም አይቀምሰውም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአትራፊው የሚገዛ ሰው ከሚከፍለው 10 ዩሮ ውስጥ ስምንቱ ለቢራው አለመሆኑን ማወቅ አለበት፤ የከፈለው አንድ ሰው በገዳም በር ላይ ስለ ሰበረው ቃል ነው። ይህን ከከፈለ በኋላ ቢራው እንዲጥመው መመኘቱ፣ ቢጎመዝዘውም ጣመኝ ማለቱ አይቀርም፤ የሰበረውን ቃል ዋጋ የከፈለ ምላስ ነጻ ምስክር አይደለምና።

ገዳሙ ራሱም ከዚህ ፈተና ውጭ ሆኖ አልኖረም። ሕንጻዎቹን ለማደስ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ በ2011 ቢራውን በቤልጂግ መደብሮች፣ በ2012 ደግሞ በውጭ አገር ለሽያጭ አቀረበ። በዲሴምበር 12 ቀን 2012 በአሜሪካ ስድስት ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆ የያዘው ጥቅል ወደ 85 ዶላር ተሸጠ። የመርከቡ፣ የአስመጪውና የቀረጡ ድርሻ ቢቀነስለት እንኳ ይህ ዋጋ ከ57ኛው ምዕራፍ ጋር በቀላሉ አይታረቅም፤ በዚያን ዕለት ወረፋ ከያዙት መካከልም ለገዳሙ ጣሪያ የከፈለውን ለዝናው ከከፈለው ለይቶ ማወቅ የሚቻል አልነበረም። አስፈላጊው ገንዘብ ሲገኝ የውጭ ሽያጩ ቆመ፤ ቢራውም እንደ ቀድሞው ከገዳሙ በርና ከበሩ ትይዩ ካለው የገዳሙ መጠጥ ቤት መሸጡን ቀጠለ።