የግል ታሪክ የማን ንብረት ነው?

የጤና ምርምር ቤተሰብን ሲጠራ ብዙ ጊዜ በታሪክ ይጠራል። አንድ በሽተኛ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ የደረሰበትን ይተርካል፤ የሰማው ቤተሰብ ልቡ ይነካል፤ ለጥናቱም በሩን ይከፍታል። ዘዴው ፍሬ ማፍራቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ተራኪው የተረከው የራሱን ብቻ ነው ወይ የሚለው ነው።

የወላይታን ዝሆኔ እንመልከት። ይህኛው ዝሆኔ ትንኝ የምታመጣው አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን ዘልቆት እግሩ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ይሸታል። ጫማ ይከላከለዋል፤ ውሃና ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ያሻሽለዋል። ይሁንና በሽታው የዘር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ እግሩ ያበጠ ሰው ካለበት ቤት ጤነኛዋ እህት እንኳ ባል ታጣለች። እንግዲህ «እኔ ታምሜአለሁ» በሚለው ቃል ውስጥ ያላገባች እህት አለች፤ ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅም አለ።

በዚሁ በሽታ ላይ የዘር ውርስ ጥናት ለማካሄድ የተነሡ ተመራማሪዎች ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡን ምን እንደሚያሠጋው ጠየቁ፤ ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ቤተሰቦቹ ጥናቱ የዘሩን ነገር አደባባይ ያወጣዋል፣ መገለሉንም ያብሳል ብለው ሠግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የጥናቱ ውጤት ደግሞ ሥጋቱን ከንቱ አላደረገውም፤ ለበሽታው መጋለጥ ከፊሉ በእርግጥ በዘር ይወርዳል። ለስድብ ሲያገለግል የኖረው ነገር ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ! ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም በዘሩ የተጋለጠ ሰውም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ ከበሽታው ሊድን መቻሉ፣ ከፊተኛው ጋር በአንድ ትንፋሽ ካልተነገረ ተራኪው ወገኑን ለሐሜት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ጸሐፌ ተውኔት እንደመሆኔ የታሪክን ጉልበት አውቃለሁ፤ ስለማውቀውም እፈራዋለሁ። በአዳራሽ የተቀመጠን ሰው ማስለቀስ አይቸግርም። ያለቀሰ ተመልካች እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያለቀሰ ቤተሰብ ግን ደሙን ይሰጣል። ልቡ የተነካ ሰው «እምቢ» ለማለት ያፍራል፤ በአገራችን ደግሞ እንግዳን እምቢ ማለት ራሱ ነውር ነው።

ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ለሌሎች በሽተኞች የእግር አጠባበቅ ሲያስተምሩ ነገሩ ይለያል። ታሪካቸው ሳሙናና ጫማ ይዞ ይመጣል፤ ሰሚውም ዓይቶ፣ ጠይቆ፣ ተከራክሮ ይወስናል፤ ባይፈልግም የሚቀርበት ሕክምና የለም። የምርምር ጥሪም እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞም እህቲቱ ትጠየቅ። ሥራው ይዘገያል የሚሉ አሉ። ይዘግይ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በገጠር ስብሰባ ወንበሩ በመጀመሪያ የሚሰጠው ለአባወራው ነውና እህቲቱን ማን ከጓዳ ይጠራታል?