መክሊቱን ያልተቀበለ ተማሪ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሰንበት፣ ገብር ኄር ተብሎ በሚጠራው ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው የመክሊት ምሳሌ ስለ ትጉህና ስለ ሐካይ አገልጋይ የተነገረ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ከፍርዱ አስቀድሞ ያለውን፣ ይኸውም ጌታው ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ መክሊቱን ቈጥሮ በእጁ ማስረከቡን፣ ልብ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ሰው ነው። ሦስተኛው አገልጋይ የተኰነነው የተቀበለው አንድ ብቻ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያንኑ አንዱን ቈፍሮ ስለ ቀበረው ነው። አንዳች ሳይሰጠው ቀርቶ ለሒሳብ የተጠራ ሰው ግን በምሳሌው ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም።

ይህን እንዳነሣ ያስገደደኝ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከተቀመጡት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ከሙሉ ውጤቱ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በልጠው ተቈጠሩ፤ በተከታዩም ፈተና ቍጥሩ ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የተሰማው ድምፅ ሁለት ዐይነት ነበረ፤ አንዱ ፈተናውን የሚረግም፣ ሌላው ልጆቹን ሰነፎች የሚል።

ፈተናውን ከሚረግሙት ጋር አልተባበርም። መልስ በየስልኩ ሲሸጥና ሲቀዳ በኖረበት ዘመን የሚሰጠው ውጤት ለሰጪውም ለተቀባዩም የሐሰት ምስክር ነበረ፤ በሐሰት ምስክርም ላይ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ማነጽ አይቻልም። እውነቱ መራራ ቢሆንም መነገሩ የተገባ ነው። ዳሩ ግን ምስክርነትና ኵነኔ አንድ ነገር አይደሉም፤ ሚዛን የጐደለውን ያሳያል እንጂ ማን እንዳጐደለው አይናገርምና።

በደቡብ ወሎ ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ፣ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥታ ወደ አጅባር ወይም ወደ መካነ ሰላም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጣችን ልጅ እናስብ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ወደ ወላጆቿ ቤት በእግሯ ሄዳ፣ እሑድ የሳምንት ስንቋን፣ በሶውንና ሽሮውን፣ ድርቆሹንም፣ በጀርባዋ ተሸክማ ትመለሳለች። ማታ ሦስቱ በአንድ የእጅ ስልክ ብርሃን ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን መጽሐፍ በተራ ያነቡታል፤ ተራዋ ያልደረሰው ሽሮውን ታማስላለች። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት እንደሚታየው፣ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራን የምታውቀው መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከሳለው ብልቃጥ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ተዛውሮ ከሄደም ተተኪው እስኪመጣ መንፈቅ ያልፋል። በፈተናው ቀን ግን የቀረበላት ጥያቄ በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈሳሹን በእጁ ቀላቅሎ ላየው ልጅ የቀረበው ያው ጥያቄ ነው። ስለ ብልቃጡ ስትጠየቅ ጠመኔውን ታስታውሳለች።

ጠንካራ ልጅ በዚህም ሁሉ መካከል ያልፋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የሚያልፉ አሉ፤ ክብርም ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመቶ ጥቂቶች ያሳዩትን ጽናት ለቀሩት ሁሉ የግዴታ ሕግ አድርጎ መደንገግ፣ ሰማዕትነትን ከእያንዳንዱ ምእመን እንደ ግብር መጠየቅ ይሆናል፤ ይህንም ያደረገ ሃይማኖት የለም።

የወሎ ምድር አስቀድሞ አስተምሮ ኋላ በመጠየቅ ነገር ከማንም ያነሰ ትምህርት የላትም። የዐፄ ገላውዴዎስ ስም የሚነሣባት ተድባበ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጅባር ባለችበት በሳይንት ናት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ ያልጸናለት ልጅ ወደ ዳዊት አይሻገርም፤ ነገር ግን አይባረርም፣ ይደግማል፣ የኔታም አብረውት ይደግማሉ። የቅኔ ተማሪም የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ አርሞ ይመልስለታል፤ ነገም እንደ ገና ይሰማዋል። በጀማ ንጉሥና በገታ ስመ ጥር በሆኑት የወሎ ሐሪማዎችም ደረሳው በሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን ቃል በቃል ይቀራል፤ ሸኹ ሳይፈቅዱለት ወደ ሌላ ኪታብ አይሻገርም። በሁለቱም ዘንድ ጠያቂው ያስተማረው ራሱ ነውና፣ ደቀ መዝሙሩ ሲወድቅ መምህሩ ከሕሊናው ፊት አብሮ ይቆማል። ቁርኣንም በሱረቱል ኢስራእ መልእክተኛ ያልተላከለት ሕዝብ እንደማይቀጣ ያስተምራልና፣ የአጅባር ክርስቲያንና ሙስሊም በዚህ በአንዱ የርትዕ ሥርዓት ይስማማሉ፤ መስጠት ይቀድማል፣ መጠየቅ ይከተላል።

ዛሬ ግን ሰጪውና ጠያቂው በስም አንድ መንግሥት ሆነው ሳለ በግብር አይተዋወቁም። መጽሐፉን ማድረስ የነበረበት አንዱ ክፍል ነው፣ መምህሩን የሚመድበው ሌላው፣ ፈተናውን የሚያወጣው ደግሞ ሦስተኛው፤ የሦስቱም ጕድለት በመጨረሻ ተደምሮ በአንዲት ልጅ ስም ይጻፋል። ጦርነትም ተጨመረበት፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሲታመሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የዐማራ ክልል በግጭት ሲናጥ፣ በየወረዳው የተዘጋው የትምህርት ቤት ደጅ ብዙ ነው። ደጁ ተዘግቶ የባከነው ወራት በማን ሒሳብ ይያዛል? በልጅቱ ነው እንዳንል፣ ቍልፉ በእጇ አልነበረም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሹን ላላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች የተሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ነው፤ ያልተሰጠውን ዘግይቶም ቢሆን መስጠት ነውና አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ የሚደርስ መክሊት ለብዙዎቹ ዘግይቷል፤ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ትዳር፣ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል።

ስለዚህ የምለምነው ፈተናው እንዲቀልል አይደለም። የተማሪው ውጤት በሚነገርበት ቀን፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከስሙ በላይ፣ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር እንዳስተማረ፣ ከሚፈለጉት መምህራን ስንቱ እንደ ተገኙ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደ ደረሰ፣ ቤተ ሙከራው ተከፍቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ከሥሩም ይህን ማድረስ የነበረበት ሹም በስሙና በማዕርጉ ይፈርምበት።