ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ

በእኛ ቋንቋ «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ሲታመም ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለን ሄደን «እግዜር ይማርህ» የምንለው መጠየቅ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በመስኮቷ በኩል «ስም? የአባት ስም? አድራሻ? የከፈልክበት ደረሰኝ?» የምትለውም መጠየቅ ነው። አገሩ ላይ የታመመ ሰው ሁለቱም ይደርሱታል። በሰው አገር የታመመ ግን ሁለተኛው ይበዛበታል፣ የመጀመሪያው ይቀርበታል። ፓስፖርትህ የታለ? የመኖሪያ ፈቃድህ ጊዜው አላለፈም? ኢንሹራንስ አለህ? ማነው የሚከፍልልህ? «ምንህን አመመህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከመጣ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለማናውቀው ባዕድ የሚሰጥ ሕክምና ምንድነው? ምጽዋት ነው? ሸቀጥ ነው? ወይስ ዕዳ? ምጽዋት ከሆነ ሰጪው ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይከለክላል፤ ተቀባዩም አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ሸቀጥ ከሆነ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው በመጣበት ይመለሳል። ዕዳ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዕዳ ያለበት ሰው «አበዳሪዬ የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ አይመርጥም፤ ይከፍላል።

የዓለም መንግሥታት ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍል ያላቸውና ከመንግሥት የአረጋውያን መድን ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በራቸው የደረሰውን ሰው ሁሉ መመርመርና ከአጣዳፊ አደጋው ማረጋጋት አለባቸው። ወረቀት አለህ የለህም፣ ገንዘብ አለህ የለህም አይባልም። መልካም ነው። ግን ሕጉ አያባርሩህ አለ እንጂ አያስከፍሉህ አላለም። ሰውየው ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ቢሉ በፖስታ ይከተለዋል። እንግሊዝ ደግሞ የድንገተኛ ክፍሏን ለሁሉም በነፃ ከፍታ፣ ከዚያ አልፎ አልጋ ለሚይዘው ከፋይ ባዕድ ከ2015 ጀምሮ ከመደበኛው ተመን አንድ መቶ ሃምሳ በመቶ ታስከፍላለች። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ወረቀት የሌለው ባዕድ አጣዳፊና አስፈላጊ ሕክምና እንዲያገኝ ፈቅዳለች፤ ሆስፒታሉም በወረቀቱ ምክንያት ለፖሊስ እንዳይጠቁመው ከልክላለች። በ2009 ይህን ክልከላ ለማንሳት ሲሞከር የአገሪቱ ሐኪሞችና ነርሶች እኛ ሐኪሞች እንጂ ሰላዮች አይደለንም ብለው ተነሱና ሐሳቡ ቀረ።

ነገሩን ጠጋ ብለው ሲያዩት አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መንግሥታት ለባዕድ ሕመምተኛ እጃቸው በአንድ ጊዜ የሚፈታው ሲፈሩት ነው። እንግሊዝ ሳንባ ነቀርሳንና የመሳሰሉትን ተላላፊ በሽታዎች ለማንም በነፃ ታክማለች፤ በ2012 የኤችአይቪ ሕክምናንም ጨመረችበት። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከበሽታው በነፃ እንዲታከሙ በንጉሡ ትእዛዝ ተወሰነ። ትናንት «ሕገወጥ» የተባለው ሰው በአንድ ቀን ሕመምተኛ ሆነ። ለምን ቢሉ፣ ሳሉ ወደ ባለቤቱ ይሻገራላ!

ይሄንን ለመንቀፍ አይደለም የማነሳው። ፍርሃትም ቢሆን ሰው ካዳነ እሰየው ነው። ግን ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ካንሰር፣ ስኳር፣ የተሰበረ ወገብ ማንንም አያስፈሩም። ስለዚህ እነዚህ የያዙት ባዕድ ብቻውን ይቀራል። የሕክምናው ምክንያት የእኛ ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርሃቱ ባለቀበት ሕክምናውም ያልቃል ማለት ነው። የሰውየው ሕይወት ከመጀመሪያውም በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ደግሞ ባዕድነት ብቻውን ጥፋት አለመሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ገንዘብ ያለው ወገናችን ልብ ወይም ኩላሊት ሊታከም ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ ሲሄድ አቀባበሉ ሌላ ነው። አስተርጓሚ ይቀርብለታል፣ መኪና ከአውሮፕላን ማረፊያ ይወስደዋል፣ ስሙም «የሕክምና ቱሪስት» ይባላል። ያው ፓስፖርት፣ ያው ቋንቋ አለማወቅ፣ ያው ባዕድነት ነው። ገንዘብ የሌለው ሲሆን ብቻ ነው ስሙ «ሸክም» የሚሆነው። እንግዲህ የምንጣላው ከባዕድነት ጋር ነው ወይስ ከድህነት ጋር?

ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደዋን ልጅ እናስባት። ከመሄዷ በፊት ደሟ ይመረመራል፣ ደረቷ ራጅ ይነሳል፣ እርጉዝ አለመሆኗ ይረጋገጣል። ምርመራውን ካላለፈች አትሄድም። ሰውነቷ ለሥራ ሲሄድ እንዲህ በጥንቃቄ የተመረመረ፣ በሥራው ሲጎዳ ማን ይመረምረዋል? የመኖሪያ ፈቃዷም የጤና ዋስትናዋም ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ጥሩ ሰው ከገጠማት ትታከማለች፤ ክፉ ከገጠማት ቀጥቅጦ ያሳመማትም፣ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ፈቃድ የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሆናል። ከዚያ ቤት ብትጠፋ ኢቃማዋም አብሮ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ሊባኖስ በኮሮናና በኢኮኖሚ ቀውስ ስትናጥ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ሕክምናን የግለሰብ ችሮታ ማድረግ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ቸሩ ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚቀንሰው እንግዳውን ነው።

ገንዘብና ወረቀት ሲሟሉ ደግሞ ቋንቋ አለ። አንድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ አብሬያቸው ነበርኩ። የሚያስተረጉምላቸው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። ልጁ የገባው ሆድ የሚለው ነው፤ «ሆዷን ያማታል» ብሎ ተረጎመ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰ። «ልቤን ደከመኝ» ሲሉ ደግሞ የልብ ምርመራ ታዘዘ። «ብቻ ምች ሳይሆን አይቀርም» ሲሉ ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔስ ምችን በእንግሊዝኛ ከየት ላምጣው? ምርመራው ሁሉ ተደርጎ «ደህና ነዎት» ተባሉ። ስንወጣ «ኧረ ዋናውን አልነገርኳቸውም፤ የሴት ነገር ነው፤ ለልጅ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ2010ን የጤና ሕግ ለማስፈጸም በ2016 ባወጣችው ደንብ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀም ተከልክሏል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እኒያን እናት የሚያውቋቸው ይመስላል። ሕመም መጀመሪያ ወሬ ነው። ሐኪም ወሬውን ካልሰማ መሣሪያው ሁሉ የሚፈልገውን አያውቀውም። ሳይሰሙት ያከሙት ሰው እንዳልታከመ ይቆጠራል።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ፤ ግን ማን ይክፈል? የገዛ ወገናችን ወረፋ ይዞ እየሞተ ለባዕድ አልጋ እንስጥ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ በስብከት አይታለፍም። የራሳችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት ያለው «የኢትዮጵያ ዜጋ» ነው ይላል። ግብር ከፋዩ ቅድሚያ ይገባኛል ቢል እብድ አይባልም። ለዓመታት የሚዘልቅ ውድ ሕክምና ላይ አንድ አገር መጀመሪያ ለልጆቿ ብትል እኔም አልፈርድባትም።

ምጥ የያዛት ሴት፣ መኪና የገጨው ሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የግብሩ ክርክር አይሠራም። በዜጎች መካከልስ ቢሆን ድንገተኛ ክፍል የገባውን ሰው «ስንት ግብር ከፍለሃል?» እንላለን እንዴ? የተወለደ ዕለት የታመመ ልጅ ምን ከፍሏል? በወረፋው የምናስቀድመው የባሰበትን ነው። ለባዕዱ ሲሆን ሚዛኑን የምንለውጥበት ምክንያት የለም። እንዲያውም አገሩ ያለ ሰው ከአንዱ በር ቢመለስ ዕድር አለው፣ ዘመድ አለው፣ በቃሬዛም ተሸክሞ ወደ ሌላ በር የሚወስደው አያጣም። ባዕዱ ሌላ በር የለውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጎረቤቱ በሩ ላይ የወደቀበት ሐኪም ነው። ዕዳው የሚመጣው ከቅርበት ነው እንጂ ከዜግነት አይደለም።

ሐኪሞች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ጄኔቫ ላይ ባጸደቀው ቃለ መሐላ፣ ሐኪሙ ዜግነት በእርሱና በሕመምተኛው መካከል እንዳይገባ ይምላል። ችግሩ ሐኪሙ ምሏል፣ የካርድ ክፍሉ ግን አልማለም። ሕመምተኛው የማለው ሰው ዘንድ የሚደርሰው ባልማሉት ሰዎች አልፎ ነው፦ በዘበኛው፣ በካርድ ክፍሉ፣ በገንዘብ ተቀባዩ። እነርሱም ክፉ ሆነው አይደለም፤ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ባዕድ ቁስሉን አስሮለት ብቻ አልሄደም፤ የእንግዳ ማረፊያውን ሒሳብ ከፍሎ፣ የጎደለውንም ስመለስ እሞላለሁ ብሎ ነው የሄደው። ርኅራኄ ሒሳብ ክፍል ድረስ ካልደረሰ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሌሎችን ስንወቅስ የራሳችንንም ቤት እንይ። እኛ የባዕድ እጅ ያከመን ሕዝብ ነን። ከአድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞቻችንን አክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር የፊስቱላ ሆስፒታልን መሥርተው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2020 ድረስ፣ ከእኛው ጋር ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች በአገራችን አሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱ መልካም ነው። የደቡብ ሱዳኗ እናት ወይም የሶማሊያው ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ምን እንደሚባሉ ግን ወረቀቱ አይነግረንም።

ደግሞስ ባዕድ የሚሆነው ድንበር የተሻገረ ብቻ ነው? ከአፋር በረሃ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ የመጣ፣ አማርኛ የማይሰማ አርብቶ አደር፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ይዞ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዜጋ ነው፣ መታወቂያ አለው። ግን ማንም ምንህን አመመህ ብሎ በቋንቋው አልጠየቀውም። ሐኪሙ ዘንድ እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል።

እንግዲህ የሚቻለውን እንነጋገር ከተባለ ትንሽ ነው። በድንገተኛ በር ላይ ከገንዘቡ በፊት ሕመሙ ይጠየቅ። በየሆስፒታሉ ቋንቋ የሚያውቁ ሠራተኞች ስም ዝርዝር በመስኮቱ አጠገብ ይለጠፍ። ሒሳቡ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ይነሣ። ይህንን በቤታችን ካደረግን፣ በቤይሩትና በሪያድ ላሉት ልጆቻችን ስንጠይቅ ልመና አይሆንብንም።