የወጋ ቢረሳ

ልጄ፣ የምትወደው ዘፋኝ ወይም ደራሲ ክፉ ሥራ መሥራቱን የሰማህ ቀን ልብህ ሁለት መሸሻ ያቀርብልሃል። አንደኛው «ውሸት ነው፤ እሱ እንዲህ አያደርግም» ይልሃል። ሁለተኛው ደግሞ «እኔን ምን አገባኝ? ሥራው ሌላ፣ ሰውየው ሌላ» ይልሃል። ሁለቱም ቶሎ ያሳርፋሉ፤ የምፈራቸውም ለዚሁ ነው። አንዱን ከመያዝህ በፊት ስለ አንድ ጀርመናዊ ላጫውትህ። ዓመቶቹን የምነግርህ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲው ሪቻርድ ቫግነር በ1813 ላይፕዚግ ከተማ ተወለደ። በ1839 አበዳሪዎቹን ሸሽቶ ከሪጋ ወጣና ፓሪስ ገባ፤ እዚያም ችግር ጠበቀው። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የኦፔራ መድረክ ስሙ የገነነው ጂያኮሞ ማየርቤር የተባለ አይሁዳዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ማየርቤር ይህን የማይታወቅ ወጣት አልናቀውም። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት፣ በገንዘብም ረዳው። «ሪየንዚ» የተባለው የቫግነር ኦፔራ በ1842 ድሬስደን ላይ መድረክ ሲያገኝ የማየርቤር ቃል አብሮት ነበር። ቫግነር ስም ያገኘው በዚህ ሥራ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1850፣ ቫግነር በብዕር ስም ተሸፍኖ በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጣ። አይሁድ እውነተኛ ሙዚቃ ሊፈጥሩ አይችሉም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተውን፣ ከአይሁድ ወገን የነበረውን የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶንን በስሙ ጠርቶ አቃለለው። ማየርቤርን ደግሞ ስሙን ሳይጠራ፣ ግን ማንም በሚያውቀው መንገድ ዘለፈው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰው በቅናት ወይም በችግር ጊዜ ክፉ ቃል ያመልጠዋል፤ ለዚህ ይቅርታ አለው። በ1869 ግን ቫግነር ችግረኛ አልነበረም። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ ዕዳውን ከፍሎለታል። ማየርቤርም ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ማንም ሳያስገድደው ያንኑ ጽሑፍ አውጥቶ፣ ጨምሮበት፣ በገዛ ስሙ አሳተመው። የመጀመሪያውን ቅናት ልትለው ትችላለህ፤ ሁለተኛው ግን ምርጫ ነው። እኔ በሰውየው ላይ የምፈርደው በዚህኛው ነው።

ታዲያ ሙዚቃውስ? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ታላቅ ነውና። የመጨረሻው ኦፔራው «ፓርሲፋል» በ1882 ባይሮይት ውስጥ ቫግነር ለሥራዎቹ ባሠራው ኦፔራ ቤት ሲቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው የአይሁድ ረቢ ልጅ የሆነው ሄርማን ሌቪ ነበር። ቫግነር ሌቪ እንዲጠመቅ ፈልጎ ነበር፤ ሌቪ አልተጠመቀም። በዓመቱ ቫግነር ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ይኸው ሌቪ ነው። አይሁዳዊው ጸሐፊ ቴዎዶር ሄርዝልም በ1895 ፓሪስ ተቀምጦ ስለ አይሁድ መንግሥት መጽሐፉን ሲጽፍ ማታ ማታ የቫግነርን ሙዚቃ ሊሰማ ኦፔራ ቤት ይሄድ ነበር። ኦፔራ በማይታይበት ምሽት በሐሳቡ ትክክለኛነት ላይ ጥርጣሬ ይገባው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሙዚቃው ከጌታው እጅ አምልጦ፣ ጌታው የሚጠላውን ሕዝብ ልጅ አበረታ! «ሥራው ሌላ፣ ሰውየው ሌላ» ለሚሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኝላቸውም።

ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ቫግነር በሞተ በስድስት ዓመቱ አዶልፍ ሂትለር ተወለደ። ሂትለር ላደረገው ቫግነርን መክሰስ አይገባም፤ የሞተ ሰው ወዳጁን አይመርጥም። ይሁንና ሂትለር ባይሮይትን እንደ ቤተ መቅደስ ሲሳለመው፣ ያ የ1869 ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በ1936 ቴል አቪቭ ላይ አንድ ኦርኬስትራ ተቋቁሞ ነበር፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ አይሁድ በመሆናቸው ከአውሮፓ ሥራቸው የተባረሩ ናቸው። በኅዳር 1938 የቫግነርን አንድ ሙዚቃ ሊጫወቱ ተዘጋጅተው ሳለ በጀርመን ምኵራቦች ተቃጠሉ። ሙዚቃውን ከዝግጅታቸው አወጡት። ሕግ አልከለከላቸውም፤ ራሳቸው ተዉት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከእነሱ በኋላ የመጡትም አልረሱም። በ1981 የኦርኬስትራ መሪው ዙቢን ሜህታ የቫግነርን ሙዚቃ በዚያው ኦርኬስትራ ሲጀምር፣ አንድ የአዳራሹ አስተናጋጅ ወደ መድረኩ ቀርቦ ልብሱን ገልጦ ጠባሳውን አሳየ። በ2001 ደግሞ ሌላው የኦርኬስትራ መሪ ዳንኤል ባረንቦይም ኢየሩሳሌም ላይ ዝግጅቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ታዳሚው ዞሮ ቫግነርን መስማት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዳንዶች በሩን እያላተሙ ወጡ፤ የቀሩት ሰምተው አጨበጨቡ። ባረንቦይም መጠየቁ መልካም ነው፤ ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ይጀምር ነበር። ግን ቤታቸው የቀሩትን ማን ጠየቃቸው? ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ልጄ፣ ቫግነርን አትስማ አልልህም። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። የምለምንህ ጆሮህ ስለ ተደሰተ ብቻ ሰውየውን ንጹሕ አታድርገው ነው። ሥራውን ከሠሪው መለየት ለአንተና ለእኔ ቀላል ነው፤ ያልተነካ ሰው በሌላው ቁስል ላይ ቸር ይሆናል። ነገ አንዲት ሴት መጥታ ያ የምትወደው ዘፋኝ በድሎኛል ስትልህ፣ «ዘፈኑ ግን…» ብለህ አታቋርጣት። እባክህ አስጨርሳት።